ኖኤሚን ላስወጣ የሄድኩ ዕለት

ሴንት ጄምስ፣ ሉዊዚያና
ኤፕሪል 14

ውድ ልጄ አልሲድ፣

የአላስካ ብርድ አጥንትህ ሳይደርስ ይህ ደብዳቤ ይድረስህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም እንደ አንተ ነው፤ አንዴ ካኮረፈ ልመና አይሰማም።

“ሂጂና ልጄን ከዚያ ቤት አውጪልኝ። ቅድመ አያቶቿ በባርነት የሞቱበትን ግቢ እያስጎበኘች ደመወዝ አትበላም። እስክትወጣ ድረስ አላናግራትም” ብለኸኝ አልነበር? ሄድኩልህ። ለኖኤሚ ሳልነግራት፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ቲኬት ቆርጬ፣ ጠዋት በረግረጉ ጀልባ፣ ከሰዓት ኖኤሚ ወደምታስጎበኝበት ወደ ኦርታንስ የሸንኮራ እርሻ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከጀልባው ልጀምርልህ።

ጀልባውን የሚነዳው ቴኦፊል ነው፤ ያ ዓሣ አብሮህ የሚያጠምደው። ገና ሲያየኝ፣ “እማማ ዩላሊ! ኧረ ዛሬ አዞዎቹን ከአንቺ ማን ያድናቸዋል?” ብሎ ጮኸ።

“አንተ ዝም ብለህ ንዳ! እናትህን የዳርኳት እኔ ነኝ” አልኩት። እንግዶቹ ሳቁ። እሱም ለአዞዎቹ ነጭ ለስላሳ ከረሜላ እየወረወረ በስም ሲጠራቸው ሳቁ ባሰ። እኔም “ይሄ ነው እንግዲህ ታሪካችን፣ ከረሜላና አዞ” እያልኩ ላንተ የምጽፈውን በሆዴ አዘጋጅ ነበር።

ውሃው ውስጥ ከበቀሉት የሳይፕረስ ዛፎች መሀል ሲደርስ ግን ሞተሩን አጠፋ። “ያ ከፍ ያለ መሬት ይታያችኋል? በባርነቱ ዘመን፣ በሸንኮራ ቆረጣ ወቅት ከኦርታንስ ያመለጡ ሰዎች የኖሩት እዚያ ላይ ነው። ልጅ ወልደዋል፣ ባሚያ ዘርተዋል። ውሃ የተሻገረን ሰው ውሻ አሽትቶ አያገኘውም” አለ። 

ጠጋ ብዬ፣ “አንተ፣ ይሄን ማን ነገረህ?” አልኩት።

“ኖኤሚ ናታ! እኔ እዚህ ጋ የማውቀው ዓሣ ብቻ ነበር።”

አልሲድ፣ ያን ጉብታ ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ። ካላዩበት ዓይን ግንባር ነው እንዲሉ፣ ሥሩ ተቀምጬ የሽሪምፕ ቅርፊት ስልጥ እንኳ ማን እንደኖረበት ጠይቄ አላውቅም። ልጅህ በዚያ ዕድሜዋ እንዲህ መብሰሏ ገረመኝ።

እርሻው ስንደርስ እንግዶቹ በኦክ ዛፎቹ ጥላ ሥር አልፈው ወደ ጌቶቹ ትልቅ ቤት የፊት በር አመሩ። እኔ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ዘወር ብዬ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ልጅ ሳለሁ እናቴ የዚያን ቤት ልብስ ስታጥብ እጄን ይዛ በወጥ ቤቱ በር ነበር የምታስገባኝ። ያኔ በዚያ ቤት የእኛ ሰው በፊት በር ገብቶ አያውቅማ! አንኳኳሁና እጄን አጣምሬ መጠበቅ ጀመርኩ። ማንም እንዲህ አድርጊ አላለኝም።

በሩን ከውስጥ የከፈተችው ኖኤሚ ነች። ከእንግዶቹ አንድ ሰው ጎድሎባት ስትፈልግ ነው።

“እማማ! አንቺ ነሽ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?”

“ምነው፣ በሩ ይሄ አይደል እንዴ?” አልኳት፤ አልኩና አፈርኩ።

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ጉንጬን ሳመችኝና ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ ያን ሁሉ ሰው ቤቱን አዙራ እኔ ወደቆምኩበት አመጣችው።

“ይቅርታ፣ በተሳሳተ በር አስገብቻችሁ ነበር” አለቻቸው። “ይህች አያቴ ናት። ዛሬ ማንም ሳያዛት እግሯ ወደዚህ አመጣት። ይህ ቤት እኛን ምን እንዳደረገን ማወቅ የምትፈልጉ ከዚህ ጀምሩ።”

አንዲት ባለ ኮፍያ ሴትዮ፣ “ግን ጌቶቹ ለባሮቻቸው ደጎች ነበሩ ይባላል፣ እውነት ነው?” ብላ ጠየቀች።

እኔ ደሜ ፈላ። ኖኤሚ ግን ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ፣ “እሜቴ፣ ደግ ቢሆኑማ በሩን ከፍተው ይለቋቸው ነበር” አለቻት። ሴትዮዋ ኮፍያዋን አወለቀች። ኮራሁ ልጄ፣ ኮራሁ! ከዚያ ኖኤሚ ክንዴን ይዛ አስቀደመችኝ፤ ቤቱን ከጓሮ እስከ ፊት አቋረጥነውና በፊት በር ወጣሁ።

ሁሉም ሲሄዱ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ላስወጣት እንደመጣሁ ነገርኳት። “ገምቻለሁ። አባዬ ዝም ካለኝ ደግሞ አልችልም፤ በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ” አለችኝና ጭኔ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ያን ጊዜ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? “ቱ ምን በወጣሽ! አትለቂም” አልኳት። የቤቱ ኃላፊም ወሬያችንን ሰምቶ ኖሮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ የእናቴን ሥራ ለእንግዶቹ እንድነግር ለመነኝ። እሺ አልኩት።

ስለዚህ አትቆጣኝ፤ አንዷን አስወጪ ብለህ ልከኸኝ ሁለት ሆነናል። ሁለት ሴት ከአንድ ቤት በስልክ ኩርፊያ አይወጣም። ልታስወጣን ከፈለግህ ራስህ መምጣት አለብህ።

እግዚአብሔር ከዚያ በረዶ በሰላም ያውጣህ፤ ልብህንም ያሙቅልህ።

የምትናፍቅህ እናትህ፣
ዩላሊ