ፍንጭቴን የደፈነው ፎቶ አንሺ

ሆድዬ፣ ይቺን በዚች ፖስት ካርድ ሳልጽፍልሽማ አላድርም! እዚህ በሰው አገር ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ልነሳ ገብቼልሽ፣ ፎቶ አንሺው ኮምፒውተሩን ነካካና "አሳመርኩሽ!" ብሎ ሲያሳየኝ ፍንጭቴ የለችም፤ ጥርሴ እንደ ግንብ ገጥሟል።

"ፍንጭቴን የት አደረስካት?" ብዬ ጮህኩ።

"እዚህ ሁሉም ድፈንልኝ ነው የሚለኝ" አለ ደንግጦ፤ "አፍንጫሽን ግን አልነካሁም፣ እንዲህ ያለውን ሰው ይመኘዋል።" አንቺ ስንት ዘመን የሳቅሽበትን አፍንጫ! እኔም እኛ ዘንድ ፍንጭት ቁንጅና እንደሆነ፣ የአባቴም ልብ የተሰለበው በእናቴ ፍንጭት መሆኑን ነገርኩት።

ለካ አፋቸውን በመሀረብ ሸፍነው ተራ የሚጠብቁ አንዲት እናት ይሰሙን ኖሯል። "እውነትሽን ነው ልጄ?" ብለው መሀረቡን ሲያወርዱ፣ የሳቸውማ ፍንጭት የኔን ያስንቃል! "እኛ አገር ቢሆኑ ስንቱን ጎረምሳ ባንከራተቱ ነበር እማማ!" ስላቸው ከት ብለው ሳቁ። ፎቶ አንሺው ሳቃቸው ሳያልቅ ቀጭ አደረጋቸው።

"ይቺን እንዳትነካካብኝ" አሉት፤ "ልጆቼ እንዲህ ስስቅ አይተውኝ አያውቁም።"

ካርዷ ጠበበችኝ፤ እቤት ያሉትን እትዬንም ልጆቹንም እዚህ ጠርዝ ላይ አጨናንቄ ስሜያቸዋለሁ። አንቺንማ ስመጣ!