በጫማ ቀለም የታተመ አሻራ

ውድ ጋሽ ወስፌ፣

አድራሻዎን የሰጡኝ ከድሮ ጀምሮ በትምህርት ቤታችን በር ላይ ሎተሪ የሚሸጡት ሰውዬ ናቸው። ደብዳቤ ሲመጣልዎ የእህትዎ ልጅ እንደምታነብልዎም ነግረውኛል። አንቺ የእህት ልጅ፣ እባክሽ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው፤ የማፍርበት ቦታ ስትደርሺም እንዳትዘይው።

ማን እንደሆንኩ ልንገርዎ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ከአጥሩ ሥር ጫማ ሲሰፉ መጥቼ "ለዛሬ አባቴ ይሁኑልኝ" ያልኩዎት የዘጠነኛ ሐ ተማሪ ነኝ። አሁን እዚያው ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ሆኛለሁ። አዎ፣ ያንን ሁላችንም የምንፈራውን ወንበር ወርሼዋለሁ፤ ይሳቁብኝ።

ያኔ አራት ሺህ ነበርን፤ በሁለት ፈረቃ፣ በአንድ ክፍል ሰባ፣ በአንድ ዴስክ አራት። አንዱ ለመጻፍ ክንዱን ሲዘረጋ ጫፍ ላይ ያለው መሬት ይወርዳል። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው ቢጎድል ማንም ልብ አይልም፤ ያረፈደ ግን ይታያል፣ በሩ ይዘጋበታላ! እናቴ አልጋ ከያዘች ጀምሮ እሷን አጣጥቤና አብልቼ ስወጣ ሁልጊዜ ደወሉ ይቀድመኝ ነበር። ባረፈድኩ በሦስተኛው ቀን ዩኒት ሊደሩ "ወላጅ ሳታመጪ ዓይንሽን እንዳላየው" አሉኝ። አባቴ ሞቷል፤ እናቴ ከአልጋ አትነሳም። ይህንን ግን ለመናገር አፈርኩ። ለምን እንዳፈርኩ ዛሬም አይገባኝም።

የተማሪው መላ የታወቀ ነበር፤ መንገድ ላይ ያገኙትን ትልቅ ሰው ለምኖ "አጎቴ ነው" ብሎ ይዞ መግባት። እኔንም ልጆቹ "ጋሽ ወስፌ ጋ ሂጂ፣ የዚህ ትምህርት ቤት ግማሹ ልጅ የሳቸው ነው" አሉኝ።

እርስዎ የያዙትን ጫማ ሳያስቀምጡ "ለምን አረፈድሽ?" አሉኝ። ለመቆጣት ሳይሆን ለማወቅ ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነበሩ። እያለቀስኩ ነገርኩዎት። ሽርጥዎን ፈቱ፤ ኮትዎን ከሚስማሩ ላይ አወረዱ።

"ስምሽን ንገሪኝ እንጂ። አባት የልጁን ስም ሳያውቅ ይገባል እንዴ?"

ሌሎቹ የተለመኑ ወላጆች እውነተኛ ለመምሰል ልጁን እዚያው ቢሮ ውስጥ ጥፊ ያቀምሱት ነበር። እርስዎ ግን ባርኔጣዎን አውልቀው፣ "ጌታዬ፣ ይቺ ልጅ አርፍዳም ቢሆን ትመጣለች። ጨርሰው የቀሩትን ቢጠሩ አይሻልም?" አሉ። ዩኒት ሊደሩ የወላጅ ውል የሚፈረምበትን መዝገብ ገፋ አደረጉልዎ። እርስዎም የማኅተሙ ቀለም እስኪቀርብልዎ አልጠበቁም፤ የቢላ ጠባሳ ባለበት አውራ ጣትዎ ላይ የነበረው ቡኒ የጫማ ቀለም በቃ። "በልጄ ጉዳይ ኃላፊ ነኝ" ከሚለው ሥር አተሙት።

እኔ በዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለእርስዎ ግን ውል ውል ነው። በየመንፈቁ "ካርድሽን አምጪ!" ይሉኛል። ማንበብ እንደማይችሉ ስላወቅኩ፣ በቀይ የተጻፈ ውጤት የጎበዝ ምልክት ነው ብዬ ዋሸሁዎት። ለደንበኛው ሁሉ "ልጄ ሁለት ቀይ አመጣች" እያሉ ሲኩራሩ ሰነበቱ። እውነቱን ማን እንደነገረዎት አላውቅም፤ በሚቀጥለው ካርድ ግን ምንም ሳይቆጡ፣ "አሁንስ ቀዩ ይቅርብኝ፤ ጥቁር በጥቁር አድርጊልኝ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቀይ ያመጣሁት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም በስፖርት።

የማፍርበት ጋ ደረስኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ በወላጆች ቀን ልሸለም ነበር። እናቴም ተሽሏት በእኔና በጓደኛዬ ክንድ ተደግፋ መጣች። አጥሩ ጋ ስንደርስ እርስዎ ኮትዎን ለብሰው፣ ጣትዎን በሳሙና ፈትገው ቆመዋል። የሚሰፋ ጫማ በእጅዎ አልነበረም።

"ማናቸው? አንቺን እኮ ነው የሚያዩት" አለችኝ ጓደኛዬ።

"ጫማ የሚሰፉ ሰውዬ ናቸው" አልኩ። ድምፄን እንኳ ዝቅ አላደረግኩም። በሩን አልፌ ዞር ስል ኮትዎን አውልቀው እያጠፉት ነበር።

እናቴ ውሸቴን እንዳታውቅ ፈርቼ ነው እላለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን፣ ጋሽ ወስፌ፣ አፍሬብዎ ነው። ይቅርታ ሳልልዎት ኮሌጅ ገባሁ። ስመለስ አጥሩ ፈርሶ ግንብ ቆሟል፤ እርስዎም የሉም። ያን ሁሉ ዓመት የተጽናናሁት በአንድ ነገር ነበር፤ የግማሽ ትምህርት ቤት አባት ናቸው፣ አንዷ ብትክዳቸው ምን ይጎድልባቸዋል እያልኩ።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ሃምሳ ዓመት ሞላው። ታሪኩን ጻፊ ተብዬ የድሮ መዝገብ ክፍል ገባሁ። ማን እንደመሠረተው፣ ስንት ክፍል እንደነበረው፣ ጣሪያው መቼ እንደተቀየረ ሁሉ አለ። የወላጅ ውል መዝገቦቹም አሉ፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ስንት ልጅ እንዳለዎት ቆጥሬ በታሪኩ ውስጥ ላሰፍርልዎ ብዬ ሦስት ቀን ገለጥኩ። አሻራው ሁሉ ሐምራዊ ነው። ቡኒው፣ መሐሉን የቢላ ጠባሳ የሚያቋርጠው፣ ያለው አንድ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ከስሜ ጎን።

ሮጬ ወጥቼ ሎተሪ ሻጩን ጠየቅኳቸው።

"ውይ፣ ስንቱ ለምኗቸዋል መሰለሽ! ወሬው ነው እንጂ እሺ ያሉት አንዴ ነው። ሌላው ሲመጣባቸው 'እኔ ልጅ አለችኝ' ብለው ይመልሱት ነበር" አሉኝ።

ጋሽ ወስፌ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቢሮዬ ለሚመጣ አርፋጅ ሁሉ መጀመሪያ የማቀርበው ጥያቄ የእርስዎ ነው፤ የተማርኩት ከእርስዎ መሆኑን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በሃምሳኛ ዓመቱ በዓል ቀን ወላጆች ከፊት ይቀመጣሉ። መጥቼ ልወስድዎ እፈልጋለሁ፤ እምቢ ቢሉኝም አልቀየምም። ከመጡ ግን ጣትዎን በሳሙና አይፈትጉ። ክንድዎን ይዤ በዋናው በር እንገባለን። "ማናቸው?" የሚለኝ አይጠፋም፤ ያኔም መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም።

አርፋጇ ልጅዎ