በጨርቅ የደፈንኩት ቀዳዳ

የኔ ልጅ፣ የረገጥሽው ይለምልም፣ የጀመርሽው ይቃናልሽ። ሁላችንም ደህና ነን። አባትሽም ጉልበቱን ተሽሎታል፤ ምላሱማ ድሮም ታሞ አያውቅ።

አንቺ በነደፍሽው አዲስ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሥራ ጀምረናል። ኃጢአቴን ልናዘዝልሽ። ከግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ቀዳዳዎች ሳይ፣ ግንበኛው ረስቷቸው የሄደ መስሎኝ፣ «ኧረ ብርድ ይመታናል!» ብዬ ሁሉንም በቁርጥራጭ ጨርቅ ደፈንኳቸው። አብረውኝ የሚሰፉት ሴቶችም መረቁኝ። በሦስተኛው ቀን በሙቀት ልናልቅ ደረስን። አለቃችን ፕላኑን ዘርግቶ፣ «ቀዝቃዛው አየር በነዚህ ገብቶ አይደል እንዴ ሙቀቱን በጣሪያው የሚያስወጣው? ማነው የደፈነው?» ብሎ ጮኸ። ለካ የልጄን ሥራ ያበላሸሁት እኔው ነኝ! እያፈርኩ ተንበርክኬ ጨርቁን አንድ በአንድ መዘዝኩት።

አሁን ያለ ማራገቢያ ቀዝቅዞልን እንውላለን። ከጣሪያው በሚገባው ብርሃን ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ፤ ተመስገን ነው። ትናንት ሴቶቹ፣ «ይሄን የሠራ ሰውዬ እጁ ይባረክ» ሲሉ፣ «እጇ በሉ!» ብዬ ጮኽኩባቸው።

እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ። ያንቺን ቤት መስኮት ግን አደራ ዝጊ፤ ብርድ እንዳይመታሽ።

እናትሽ