ፊቴን መልሰው ስሜን ለረሱት ሊቀ መንበር

ለተከበሩ አቶ ጎርደን ሃልቨርሰን
የታማራክ ሐይቅ የግንድ ማሽከርከር ውድድር ማኅበር ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ዶናም፣ በተለይ ደግሞ ባለፈው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ የኮምፒዩተሩን ቁልፍ የተጫነችው የቀኝ እጅዎ አመልካች ጣት እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ያቺ ጣት ቁልፉን እስከተጫነችበት ቅጽበት ድረስ እጅግ ደህና ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን እኔ፣ ዊላ ኮቫሪክ፣ ብሪታ ሶረንሰን ሆኛለሁ።

ይህን በከተማችን ጋዜጣ ላይ የሚያነቡ ወገኖች እንዳይቸገሩ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አምና በጋ፣ ሐይቁ ላይ በሚንሳፈፈው ግንድ ላይ ቆሜ፣ ግንዱን በእግሬ እያሽከረከርኩ፣ እዚያው ግንድ ላይ ከፊቴ የቆመችውን፣ ለዓመታት ማንም ያልጣላትን ብሪታን ውኃ ውስጥ ጨምሬ አሸነፍኩ። በማኅበራችን ልማድ የዓመቱ አሸናፊ በሚቀጥለው በጋ የከተማውን ልጆች ያሠለጥናል፤ ወላጆችም አሠልጣኙን በማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ አይተው ልጆቻቸውን ያስመዘግባሉ። ምዝገባው ሊከፈት ሲል ድረ ገጹ ተበላሸ። እርስዎም ከመጠባበቂያ ቅጂ ሊመልሱት ተነሡ። አቤቱታዎቼ እነሆ።

አንደኛ፤ ማዲሰን ከተማ ሄጄ የተማርኩት ሙያ ይኸው የኮምፒዩተር ሥራ ስለሆነ ከመጀመርዎ በፊት ቢሮዎ መጥቼ ለምኜዎት ነበር። የተበላሸውንም ቢሆን ሳይነኩት አንድ ቅጂ ይያዙ፣ የሚመልሱትን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ላይ ይሞክሩት፣ ከሁሉም በላይ ፎቶዎቹንና ጽሑፉን ከአንድ ቀን ቅጂ ያምጡ ብዬ። ፎቶው አንድ ቦታ፣ ጽሑፉ ሌላ ቦታ ስለሚቀመጥ ቀናቸው ከተለያየ ድረ ገጹ የአንዱን ቤት በር በሌላው ቤት ግድግዳ ላይ እንደ መግጠም ይሆናል አልኩ። እርስዎም በአባትነት መንፈስ «ዊላዬ፣ አንቺ ግንዱ ላይ ቁሚ፤ ኮምፒዩተሩን ለኛ ተዪው» አሉኝ። ስለዚህ የሥራ ክፍፍል ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፤ ፎቶዎቹን ከዚህ ጸደይ ቅጂ፣ ጽሑፉን ከካቻምና ቅጂ መለሱት። የሻምፒዮኑ ፎቶ በየዓመቱ በአንድ ዓይነት የፋይል ስም ስለሚቀመጥ የእኔ ፊት የካቻምናው ጽሑፍ ላይ ያለ አንዳች ተቃውሞ ሄዶ ተለጠፈ። አሁን ድረ ገጹን የከፈተ ሁሉ ፀጉሬ ረጥቦ፣ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ስቄ በማላውቅበት ሳቅ ስስቅ ያየኛል። ከሥሩም «ሻምፒዮናችን ብሪታ ሶረንሰን» የሚል ያነባል።

ሦስተኛ፤ ላመለክት ቢሮዎ ስመጣ መነጽርዎን አድርገው ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞሩልኝ። «ይኸው ስምሽ! ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?» አሉኝ። እውነትም ስሜ ነበረ! ኮምፒዩተርዎ ከብልሽቱ በፊት ያየውን ገጽ አስቀምጦት ስለነበር አዲሱን ከማምጣት ያንኑ ደጋግሞ ያሳይዎታል። ያስቀመጠውን ያጥፉለት፣ ካልሆነም የወይዘሮ ዶናን ስልክ ይመልከቱ ብል፣ «የሰው ስልክ አላይም። እኔ ጋ ይሠራል፤ የሚሠራ ነገር ደግሞ አይነካም» ብለው አሰናበቱኝ። ስለዚህ ክቡርነትዎን ላመሰግን ይገባኛል፤ በዚህ ምድር ላይ እኔ ሻምፒዮን የሆንኩበት ቦታ የቀረው የእርስዎ ጠረጴዛ ብቻ ነው።

የሚቀጥለውን አቤቱታ ግን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

ዓርብ ማታ፣ ከተማው በሙሉ ለዓሣ ጥብስ በተሰበሰበበት፣ አንድ አባት የብሪታን ትከሻ መታ አድርጎ «ሁለቱንም ልጆቼን አስመዝግቤልሻለሁ! እንደ ልማድሽ ውኃ ውስጥ ጨምሪያቸው!» አላት። እሷ ያንን ወገቧን አልፎ የሚወርድ ሹሩባዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ «ፎቶው ላይ ግን ትንሽ ወፍሬያለሁ፣ አይደል?» አለች። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሳህኔን ይዤ ከጀርባቸው ቆሜ ነበር። «እኔ አይደለሁም» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃት ነበር።

ቅናት ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ነው። ከሐይቁ ማዶ ሆኖ ሁሉም በሚያውቀው ሹሩባዋ እቀናለሁ። ልጅ ሆኜ ዳር ቆሜ ሳያት፣ ቤት ገብቼ ከጎተራችን ጀርባ በርሜል ላይ እየወጣሁ ስወድቅ፣ ያኔም እቀና ነበር። አምና ስጥላት እንኳ ግንዱ ላይ ለቀረሁት ለእኔ ከተጨበጨበው ይልቅ ከውኃው ለወጣችው ለእሷ የተጨበጨበው ይበልጥ ነበር። ጭብጨባው የእሷ ይሁን ብዬ ተውኩላት፤ ለእኔ ከፎቶው ሥር ያለችው አንዲት መስመር ትበቃኝ ነበር። እርስዎ ያችኑ መስመር ወስደው ለማን ሰጡ? ለባለ ሹሩባዋ!

ትናንት ደግሞ ደውለው «ወላጆቹ በብሪታ ስም ተመዝግበዋል፤ ዘንድሮ እሷ ብታሠለጥን ምን አለበት? አንቺ ለከርሞ» አሉኝ። ድረ ገጹ ከመበላሸቱ በፊት በነበረው ዕለት የወሰድኩት ቅጂ፣ ፎቶውም ጽሑፉም አንድ ላይ፣ በእጄ አለ። ልስጥዎ ብዬ ለምኜዎት እንደነበር ከተማው ይወቅልኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ የማይፈጅ ሥራ ላለመሥራት ሲሉ የአንድ ሰው ድል በሌላ ሰው ስም እንዲኖር ፈቀዱ። ለዚህ ትዕግሥትዎ፣ ለዚህ የማይናወጥ እምነትዎ፣ ምስጋና ምን ያህል ቢረዝም ይበቃል?

ለጤናዎ፣ ለጣትዎና ለኮምፒዩተርዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

በፊቷ ሻምፒዮን፣ በስሟ ደግሞ ከእርስዎ ጠረጴዛ በቀር የትም የማትገኝ፣
ዊላ ኮቫሪክ

ማስታወሻ፦ ሥልጠናው በሚጀመርበት ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር እገኛለሁ። ወላጆች ስልካቸውን ይዘው ይምጡ፤ ፎቶውን ከፍተው እኔንም ብሪታንም አጠገቡ አቁመው ያመሳክሩ። ብሪታም ከፈለገች ግንዱ እዚያው አለ፤ ከእሱ ላይ የወደቀን ሰው ቁልፍ ተጭኖ የሚመልስ እስካሁን አልተገኘም። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚል መልስ ከእንግዲህ አልቀበልም። «ለከርሞ»ንም አልቀበልም። ፊቴ ባለበት ስሜ ይኑር፤ ስሜ በሌለበት ፊቴ አንድ ቀን እንኳ እንዲያድር አልፈቅድም።