በትንፋሽ የምትባል ቃል

ሰኞ
ዛሬም የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫቸው ነቅለው ጣሉት። ኢንግሪድን ማለቴ ነው፣ ስማይርና ከተማ ቤታቸው እየሄድኩ የማስታምማቸውን ስዊድናዊት አዛውንት። ከስትሮኩ ወዲህ እንግሊዝኛው ጥሏቸው ሄዷል። የቀረቻቸው አንዲት ቃል ናት፤ «ያ»፣ አዎ ማለት ነው። እሷንም ልክ እንደ እኛ አገር ሰው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው ነው የሚሏት። «ሾርባ ላምጣ?» ስላቸው ሳብ። እኔም ሳላስበው ሳብ! ልጃቸው ካሪን በሩ ላይ ቆማ ሁለታችንም የታነቅን መስሏት ክው አለች። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ልታያቸው የምትመጣው ነርስ ግን መዝገቡ ላይ «ትንፋሽ ማጠር» ብላ ጽፋዋለች።

ማክሰኞ
ምሳ ሰዓት ላይ ስለ «ያ» ስልኬ ላይ አነበብኩ። የጥንት ቃል ናት። ስዊድኑም ኖርዌዩም ዴንማርኩም አዎ የሚለው በእሷ ነው፤ የእንግሊዝኛው «የስ» እንኳ ዘመዷ ነው። ወደ ሰሜን ሲኬድ ድምፅዋ ጠፍቶ ትንፋሿ ብቻ ይቀራል። ኢንግሪድ የሰሜን ሰው ናቸው። ዛሬ የሰማኋቸው፦ ለሾርባው ያ፣ ለመስኮቱ ያ፣ «እየሰማሁሽ ነው» ሊሉ ያ፣ «ምን ይደረጋል» ሊሉም ያ። ለካሪን ቋንቋቸውን አላስተማሯትም።

ረቡዕ
ካሪንና እናቷ ስድስት ዓመት ተኳርፈው ነው የኖሩት። ዛሬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «እማ፣ ይቅር ብለሽኛል?» አለቻቸው። ዓይን ዓይኗን እያዩ ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። እኔ «ያ» ማለታቸውን ሰማሁ። እሷ ግን «ኦክስጅን! ትንፋሽ አጥሯታል!» ብላ ጮኸች። ቱቦውን መለስኩት። በኋላ ኩሽና ገብታ «አልመለሰችልኝም» እያለች አለቀሰች።  ነርስ የጻፈችውን እኔ ማን ሆኜ እሽራለሁ?
የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ አበበች ጋ ደወልኩ። «ስሚ፣ አንቺ ነርስ አይደለሽም። ሺፍትሽን ጨርሺና ውጪ፣ የአስታማሚነት ላይሰንስሽን ሪስክ አታድርጊ» አለችኝ። ደስ አላለኝም።

ሐሙስ
ለካሪን ልነግራት ወሰንኩ። ከምኖርበት ከስቶን ማውንቴን ጀምሮ የምነግራትን በእንግሊዝኛ እየደጋገምኩ ነዳሁ።
ስደርስ ኢንግሪድ የሉም። ንጋት ላይ አርፈዋል። ቱቦው ወለሉ ላይ ወድቋል።
የምሠራው ጠፋኝ። የሾርባ ሳህናቸውን አጠብኩ፣ ንጹሑን። የካሪንን ፊት ሳይ ያ ሁሉ የተለማመድኩት ጠፋ። ሳልነግራት ወጣሁ። ፈሪ ነኝ።

ቅዳሜ
ቁልፉን ልመልስ ሄድኩ። ካሪን የእናቷን ልብስ እያጣጠፈች ነበር። እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ «ያ»፣ ስለ ሾርባው፣ ስለ ረቡዕ።
«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ።
ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።  የያዘችውን ልብስ አስቀምጣ «ያ እንዳለችኝ እርግጠኛ ነሽ?» አለች።
ቃል ሳይወጣኝ ትንፋሼ ወደ ውስጥ ሳብ አለ። ካሪን ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ልጅ ሆኜ እማ ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ እንዲህ ትል ነበር። ረስቼው ነበር» አለችና እናቷ አልጋ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ።
«እኔንስ ይቅር ብለሽኛል?» ብዬ መጠየቅ ግን አልደፈርኩም።