ከድር ያላፈረሰው መሐላ

ተካዬ፣ የልቤ ሰው፣

ከተለየኸኝ አራት ዓመት ሊሞላ ሁለት ሳምንት ቀረው። አሁንም ጉትሎይትፊርቴል ሰፈር ነን፤ ያችው ሦስተኛ ፎቅ። የሥዕል ማቆሚያህን ሰባብሬ ጥዬዋለሁ፤ ይቅር በለኝ፣ ያን ሰሞን እጄ የገባ ሁሉ ይሰበር ነበር። ሳሮን አሥር ዓመቷን ይዛለች። በአማርኛ ሳናግራት በጀርመንኛ ትመልስልኛለች። ስትቆጣ ግን ቁርጥ አንተን ናት፤ ጥርሷን ነክሳ ዝም።

ያንን ዝምታህን ዛሬም አልወደውም።

ለጓደኛህ ለከድር በየሳምንቱ ደብዳቤ ስትጽፍ እንዴት እንደምስቅብህ ታስታውሳለህ? እሱ የሚኖርባት ኒድ በባቡር እዚህ ናት፤ ሰውየው እሑድ እሑድ እቤታችን እየመጣ ሥዕል ይገዛሃል፤ ቴምብር መለጠፉ ምን የሚሉት ቅብጠት ነው እልህ ነበር። አንተ የእኔና የእሱ ጨዋታ ነው ብለህ ፖስታውን ታሽጋለህ። የሚገዛህን ሥዕል አውቀዋለሁ፤ የማይን ወንዝ፣ ጀልባ፣ የፖም ዛፍ። ደብዳቤው ላይ የምትስለውን ግን አንድም ቀን አላሳየኸኝም።

ክንድህ ሲቃጠል ዘይት ፈናጠቀብኝ አልከኝ። ጥርስህ ሲወልቅ ደረጃ ላይ ወደቅሁ አልከኝ። እኔ ሞኟ የምትሠራበት የሳክሰንሃውሰኑ ወጥ ቤት ወለሉ ያንሸራትታል እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁልህ። ከዚያ የወጥ ቤቱ አለቃ በብረት መጥበሻ አናትህን መታህ፤ ሆስፒታል ሁለት ቀን ቆይተህ ሄድክ።

በሠልስትህ ከድር ለቅሶ ወደተቀመጥንበት አዳራሽ መጣ። ደብዳቤዎችህን በፌስታል ይዞ እግሬ ሥር አስቀመጣቸው። አንዱ ላይ አለቃህ የፈላ ዘይት ክንድህ ላይ ያፈሳል። ሌላው ላይ ፀጉርህን ጨምድዶ ፊትህን ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ይደፍቀዋል። በሌላው ጥርስህን ከነደሙ መዳፍህ ላይ ተፍተኸዋል። ከሥሩ በዚያ በሚያምር ጽሕፈትህ፣ «ለአስቴር እንዳትነግራት። ሥራውን ካጣሁ የመኖሪያ ፈቃዳችን አበቃለት። ተካ ይሙት ብለህ ምለህልኛል» ይላል።

ጫማዬን አውልቄ ፊቱን መታሁት። ቅንድቡ ተተርትሮ ደሙ ሸሚዙ ላይ እስኪወርድ ደጋግሜ መታሁት። በእጁ እንኳ አልከለለም። ሰዎች ሲያስለቅቁት፣ «መሐላውን ባፈርስ የሚሞትብኝ መስሎኝ ነው» አለ።

ይህን ለጀርመን ዳኛ ማን ያስረዳዋል? አስተርጓሚዋ ሁለቴ ሞክራ ተወችው። የረዳን ያ የሳቅሁበት ቴምብር ነው። አለቃህ የመታሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ሳላስበው ነው ቢል፣ በየፖስታው ላይ ያረፈው የቀን ማኅተም አፉን ዘጋው። ተፈረደበት። ለእኔ አልበቃኝም፤ በገዛ መጥበሻው ባገኘሁት እያልኩ ዛሬም አስባለሁ፣ አንተን አልዋሽህም።

ከድርን ለማናገር ዓመት ፈጀብኝ። ቅንድቡ ላይ የእኔ ጠባሳ አለ። የጀልባዋን ሥዕልህን ከቤቱ ግድግዳ አውርዶ ለሳሮን ሰጣት።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ግን የማክሰኞው ነገር ነው። ሳሮን ከንፈሯ አብጦ ከትምህርት ቤት መጣች። ብዙ ለምኛት የመታት የክፍሏ ልጅ መሆኑን ነገረችኝ። ከዚያ እጄን ያዘችና፣ በጀርመንኛ ሳይሆን በአማርኛ፣ «ለማንም እንዳትናገሪ። አባዬ ይሙት በይ» አለችኝ።

ተካዬ፣ ከማን ተማረችው እንዳልል ከእኔው ነው፤ በሕይወት ሳለህ በትንሽ በትልቁ ተካ ይሙት እል ነበር።

አልማልኩላትም። ካፖርቴን ሳላወልቅ እጇን ይዤ ትምህርት ቤቷ ተመለስኩ። አስተማሪዋ እንደ ደንባቸው ቴርሚን፣ ቀጠሮ ይዤ ሌላ ቀን እንድመጣ ስትነግረኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሳሮን መጀመሪያ አለቀሰች፤ በኋላ የልጁን ስም ራሷ ተናገረች።

በስምህ ዳግመኛ አልምልም። አስታውስሃለሁ፣ የልቤ ሰው፤ ዝም ብዬ ግን አይደለም፣ እየጮህኩ ነው።

አስቴርህ