ወንድም የላትም

ሐሙስ፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል

ይድረስ ለልጄ፣ ለክብርት ዐቃቤ ሕግ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የፌዴራል ወንጀል ዐቃቤ ሕግ ሆነሽ መሾምሽን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አለሽ። አልዋሽሽም፣ የሰማሁ ዕለት የስፌት መኪናዬን ትቼ በደስታ አልቅሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለቀስኩት ግን ሌላ ነው።

ፈተናውን አልፈሽ ማጣሪያው ብቻ ሲቀርሽ የደወልሽልኝን መቼም አትረሺውም። «እማ፣ ሰው መጥቶ ስለ ቤተሰባችን ይጠይቃል። እስረኛ ወንድም አላት ከተባለ አለቀልኝ። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት በይ፤ ለጎረቤቶችም ንገሪ» አልሽኝ። ያንቺ ነገር መቼ ይሆንልኛል፣ እሺ አልኩ።

ጫማዬን አጥልቄ በየደጁ ዞርኩልሽ። «ማንም መጥቶ ቢጠይቃችሁ፣ ቢለምናችሁ፣ ቢያለቅስባችሁም እንኳ፣ ወንድ ልጅ የላትም በሉ» አልኳቸው። ባለሱቋ «በእጄ ያሳደግኩትን ልጅ?» ብላ አኮረፈችኝ፤ ለምኜ አስማልኳት። ሰፈሩ «ሬዲዮ» የሚለው ጫማ ጠጋኝ፣ የሰማውን ሳያወራ ውሎ የማያውቀው ሰውዬ፣ ላንቺ ሲል አፉን ዘጋ። ፎቶውንም ከግድግዳ አውርጄ ፍራሽ ስር ከተትኩት።

አጣሪው መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ጫማውን ጠርጎ ነው የገባው። «ሌላ ልጅ የለዎትም?» አለኝ። የለኝም አልኩት። «ሞቶብዎት ነው ወይስ ከመጀመሪያውም?» ሲለኝ፣ «ከመጀመሪያውም» አልኩ። ሞቷል ብል እንኳ ይሻለው ነበር፤ ለሞተ ሰው ቢያንስ ይለቀስለታል። ሰውየውም አመስግኖኝ ሄደ። እኔ ደግሞ ሹመትሽ እስኪጸና ብዬ ጎረቤቶቼን ከመሐላቸው ሳልፈታቸው ቀረሁ።

ወንድምሽ በዚህ መሀል በአመክሮ ተፈታ። መጋዘን ሰብሮ የገባ ጊዜ የተፈረደበትን ዓመት ሳይጨርስ፣ በጠባዩ ነው የለቀቁት። የታሰረው አንቺው ከተማ አይደል? መሾምሽን እዚያው ሰምቶ ስለነበር መጀመሪያ የመጣው መሥሪያ ቤትሽ ነው፣ እንኳን ደስ አለሽ ሊልሽ። ዘበኛው ደወለልሽ። ወንድሟ ነኝ የሚል ሰው በር ላይ ቆሟል ሲልሽ ምን እንዳልሽ እኔ ልንገርሽ? «ወንድም የለኝም፤ ከበሩ አርቀው» ነው ያልሽው። ድምፅሽ ከስልኩ አልፎ ለሱም ተሰምቶታል። «አጠገቧ ሰው ኖሮ ይሆናል፣ አትፍረጂባት» እያለ ዛሬም ይሟገትልሻል። ሕግ መማር የነበረበት እሱ ነው።

ከዚያ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ እኔ መጣ። እኔ የሰፋሁትን ላስረክብ ወጥቼ ነበር። ቤቱ ተቆልፎ ሲያገኘው «እማ የት ሄደች?» ብሎ ባለሱቋን ጠየቃት። ልታቅፈው እጇን ዘርግታ ነበር። መሐላዋ ትዝ ሲላት ሰብስባው፣ «አላውቅህም፤ ያለቻት አንዲት ሴት ልጅ ናት» አለችው። ሬዲዮም ከመዶሻው ቀና ሳይል፣ እዚህ ቤት ወንድ ልጅ ኖሮ አያውቅም አለው። እነሱ እኮ የሚያጣራ ሰው ልኮት ከሩቅ የሚያይ መስሏቸው ነው፤ ከሩቅ የቆመ ሰው ሁሉ አጣሪ መስሎ ታይቷቸዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ አለመኖሩን መጨረሻ የሰማው እሱ ሆነ።

ስመለስ ባለሱቋ ሚዛኗ አጠገብ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ የሆነውንና ወደ መናኸሪያ መመለሱን ነገረችኝ። በዚህ ጉልበቴ እስከ መናኸሪያ ሮጥኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት፤ ትኬት የለው፣ መሄጃም የለው። አላቀፈኝም። ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «እማ፣ ልጅሽ ነኝ አይደል?» አለኝ። ፀጉሩ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው፣ እንደ ሕፃን።

የእናት ሆድ ዥጉርጉር ነው ይባላል። ሌባውም ዐቃቤ ሕጓም ከኔው ሆድ ወጡ፤ እስከ ዛሬ የማፍረው በሱ ነበር። እሱ ግን ጥፋቱን ተፈርዶበት፣ ታስሮ ወጥቷል። እኔና አንቺ ገና አልተከሰስንም።

በማግስቱ አጣሪው ጋ ሄጄ ሁሉን ልናዘዝ ተነስቼ ነበር። በሩ ላይ ተጋድሞ «በኔ የተነሳ እንጀራዋን አትዝጊባት» ብሎ የመለሰኝ ወንድምሽ ነው። እኔ ብሆን አልምርሽም ነበር። የተቀመጥሽበት ወንበር የሱ ምሕረት መሆኑን እያወቅሽ ተቀመጪበት።

በይ እንግዲህ፣ እግዜር ሹመትሽን ያጽናልሽ። ክፉ አይንካሽ። ፊትሽ የሚቆመው ተከሳሽ ሁሉ ዘመድ እንዳለው ያሳይሽ። ልጅ ሲሰጥሽ ደግሞ እንዳንቺ ያለ ልጅ ይስጥሽ፤ ይህ ምርቃት ይሁን እርግማን እኔም አላወቅሁትም።

ዓይኔ መርፌ ቀዳዳ ማየት ካቆመ ስለቆየ፣ ይህን ሁሉ እየነገርኩት የጻፈልኝ ወንድምሽ ነው። «ወንድም የለኝም» ያልሽው ጋ ስንደርስ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ «ይቺን እንኳ እንዝለላት እማ፣ ይከፋታል» አለኝ። ጻፍ አልኩት። ጻፈ።

እናትሽ